ጥጃውና የማለቢያው መኪና፤ ስለ ወተት አስተላለብ ታሪክ ከሲሪንቃ በኩል የቀረበ ጥናት

የታሪክ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚመረምረው ዘውድን፣ ጦርነትንና የድንበር ውልን ነው። ስለዚህ ላም እንዴት ትታለባለች ብሎ መጠየቅ ከታሪክ ይልቅ የእርሻ ትምህርት ቤት ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ ላሚቱን ማን ያልባታል፣ ወተቱን ማን ይንጠዋል፣ የቅቤውንስ ገንዘብ ማን ይይዘዋል የሚለው ጥያቄ የዚያን ቤት ሕግ የሚገልጥ በመሆኑ፣ በወረቀት ከተጻፈ ውል ያላነሰ ታሪክ ያለው ነው ብለን እናምናለን። ይህንንም እንድናነሣ ያደረገን በአውሮፓ አገር የሰው እጅ ሳይነካት ላምን የሚያልብ ሮቦት የተባለው መኪና፣ በትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ ሳይሆን አባት፣ እናትና ልጅ ብቻ በሚሠሩበት ትንሽ እርሻ ሳይቀር መግባቱ ነው። እዚያ የገባው ለምን እንደ ሆነ፣ እዚህስ ቢመጣ ምን ያጋጥመዋል የሚለውን ለመመርመር አንድ ቦታ መምረጥ አስፈላጊ ስለ ሆነ ሲሪንቃን መርጠናል።

ሲሪንቃ በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በመርሳና በወልድያ መካከል ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ወይና ደጋ ነው። ሰዎቹ ማሽላና ጤፍ ያርሳሉ፤ ዝናቡ በበልግና በክረምት የሚከፈል ሲሆን በልጉ ብዙ ጊዜ የማይታመን ነው። ለተማረው ሰው ይህች ቀበሌ የምትታወቀው በ1979 ዓ.ም. ገደማ በተቋቋመው የእርሻ ምርምር ማእከል ነው። ማእከሉ በማሽላ ዘር፣ በኋላም በበግና በፍየል ማዳቀል ስም አውጥቷል። በወተት ላም ግን ስሙ ያን ያህል አይነሣም፤ ይህም ያለ ምክንያት አለመሆኑን ወደ ፊት እናሳያለን።

አሁን ወደ ላሚቱ እንመለስ። በሲሪንቃ ላም የምትታለበው በእጅ ሲሆን ማለዳና ማታ ሁለት ጊዜ ነው። ማታ ከብቱ ከግጦሽ ሲገባ ጥጃው ተለይቶ ታስሮ ይቆያል። በመጀመሪያ ጥጃው ይፈታል፤ ሮጦ ከእናቱ ሥር ይገባል፤ አራቱንም ጡት በአፉ እየለዋወጠ በጭንቅላቱ ይገፋታል። ጥቂት እንደ ጠባ ይጐተትና ከላሚቱ ፊት ይታሰራል፤ እርስዋም እየላሰችው ትቆማለች። አላቢው ከዚህ በኋላ በወይራ ጢስ የታጠነውን ማለቢያ በጉልበቱ መካከል ይዞ ያልባል። ሁሉንም አሟጥጦ አያልብም፤ የጥጃው ድርሻ ይቀራል። ጥጃው ደግሞ ይለቀቅና የቀረውን ይጠባል። አንድ አላቢ ይህን ሁሉ ሲያደርግ የሚወስድበት ጊዜ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ከዚህም ውስጥ ከሲሶ የማያንሰው ለጥጃው የሚሰጥ ነው።

ይህ ሥርዓት ከልማድ ብቻ የመጣ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እውነቱ ግን በላሚቱ ደም ውስጥ ነው። ላም ጥጃዋን ስታይ፣ ስትሸተውና ስትጠባ ከአንጐልዋ ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ወደ ደምዋ ይፈስሳል፤ ይህም በጡትዋ ውስጥ ያለውን ወተት ጨምቆ ያወርደዋል። ብትደነግጥ ወይም እንግዳ ቢነካት ሌላ ሆርሞን መጥቶ ይህን ያግደዋል። የአውሮፓ ላሞች ያለ ጥጃ ወተት እንዲያወርዱ በብዙ ትውልድ እየተመረጡ ስለ ተራቡ ጡታቸው በውሃ ሲታጠብ ወይም የመኪናው ድምፅ ሲሰማ ይበቃቸዋል። የእኛ ሻኛ ያላት ላም ግን ጥጃዋን ትፈልጋለች። በአገራችን በብዙ ቦታ ጥጃ ሲሞት ቆዳው ተገፎ፣ ጭድ ተሞልቶ፣ ጨው ተነስንሶበት ከላሚቱ ፊት የሚቆመው ስለዚህ ነው፤ ያልተማረ የሚባለው ገበሬ የሆርሞኑን ስም ሳያውቅ ሥራውን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ዘዴው ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ በካይሮ ሙዚየም የሚገኘውን የካዊትን የድንጋይ ሣጥን ሥዕል ይመልከት። ከአራት ሺህ ዓመት በፊት በተቀረጸው በዚያ ሥዕል ላይ ሰውየው ተንበርክኮ ሲያልብ ጥጃው በእናቱ የፊት እግር ታስሮ ይታያል፤ ከላሚቱም ዓይን እንባ ሲወርድ ተቀርጿል።

በሲሪንቃ አንዲት አሮጊት ማልበው ሲጨርሱ ጠብቀን፣ «እማማ፣ ጥጃው ከፊትዋ ባይታሰርስ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጄ፣ ላም እኮ እናት ናት። ልጇን ሳታይ ለማን ብላ ታወርዳለች?» አሉን። በፈረንጅ አገር ጥጃው እንደ ተወለደ ከእናቱ ተለይቶ በባልዲ ወተት እንደሚያድግ፣ ላሚቱም በመኪና እንደምትታለብ ብንነግራቸው ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «እንዲያ ከሆነ በሬው ከየት ይመጣል?» ብለው ጠየቁን። ይህ ጥያቄ እኛ ካነበብናቸው ብዙ ገጾች ይልቅ ነገሩን ገልጦልናል። ምክንያቱም በሲሪንቃ ላም የምትያዘው በመጀመሪያ የበሬ እናት ስለ ሆነች ነው። ማረሻ የሚጐትተው በሬ ከሌለ ማሽላም ጤፍም የለም። የተሻለው መኖም፣ ማለት የማሽላው ቅጠልና አገዳ፣ የጤፉም ጭድ፣ በእርሻ ወራት በቅድሚያ የሚሰጠው ለበሬ ነው። ወተት ከዚህ የሚተርፍ በረከት ነው፤ መጠኑም በአማካይ በአንድ ላም በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ነው።

ማለቡ በአንዳንዱ ቤት የአባወራው ወይም የልጆቹ፣ በአንዳንዱም ቤት የእማወራዋ ሥራ ነው። ወተቱ ማለቢያው ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ያለ ክርክር የሴት ነው። እርስዋ ታረጋዋለች፤ ከጥቂት ቀን በኋላ በቅል ትንጠዋለች፤ ቅቤውን ታወጣለች፤ አሬራውን አሙቃ አይብ ታደርገዋለች፤ አጓቱም ለልጅ ወይም ለጥጃ ይሆናል። ቅቤውን መርሳ ወይም ወልድያ ወስዳ ትሸጠዋለች፤ በዚያም ገንዘብ ጨው፣ ቡና፣ ሳሙናና የልጅ ደብተር ትገዛለች። ባልዋ ስለዚህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም ነውር ነው። ክርስቲያኑ በጾም ወራት ወተት ስለማይቀምስ የጾሙ ወተት ሁሉ ቅቤ ሆኖ ይከማቻል፤ እስላሙ ጎረቤቱ ግን ያን ጊዜም ይጠጣዋል። በወሎ ሁለቱ ተጎራብተው ስለሚኖሩ ገበያው በጾም ጊዜ ጨርሶ አይዘጋም። የአዲስ አበባ የወተት ነጋዴዎች በዐቢይ ጾም የሚደርስባቸው ችግር በዚህ አገር ቀለል የሚለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እንዲህ ያለው ኑሮ ከጥንት ጀምሮ ሳይናወጥ የቆየ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ኢጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት ደስታ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአገሪቱ ከብት ከአሥር ዘጠኙን ያህል እንደ ጨረሰ ይነገራል። «ክፉ ቀን» የተባለው ያ ዘመን ነው። በሬ ስላልነበረ ሰው በዶማ ቈፈረ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ለምሳሌ ይሆን ዘንድ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፍረዋል። ወሎ ዛሬ ያለው የከብት ዘር ከዚያ ጥፋት የተረፈው ነው። በ1965ና በ1966 ዓ.ም.፣ ደግሞም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ ከብቱ ከሰው ቀድሞ አለቀ። የመጀመሪያው ረሃብ በዩኒቨርሲቲ ሰዎች ዘንድ የሚታወስበት ሌላ ምክንያት አለ፤ በ1965 ዓ.ም. መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡት ፎቶግራፍ በግቢ ውስጥ ለተማሪው ታይቶ ብዙ ነገር አስከትሏል። እኛ እዚህ ልናስታውስ የምንፈልገው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ያየ ገበሬ ብዙ ወተት ከምትሰጥ አንዲት ላም ይልቅ ድርቅን የምትችል ላም ቢመርጥ ሊወቀስ አይገባውም።

የመኪናውን ታሪክ በአጭሩ እናውሳ። በአውሮፓ አቈጣጠር በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ ፈረንጆች ቀጭን ቱቦ በጡት ቀዳዳ አስገብተው ወተቱ ራሱ እንዲፈስ ሞክረው ነበር፤ ያተረፉት የጡት በሽታ ነው። በ1879 አና ባልድዊን የተባሉ አሜሪካዊት ሴት ወተት የሚስብ መሣሪያ ሠርተው ፈቃድ አወጡበት። በ1889 በስኮትላንድ የኪልማርኖክ ሰው ዊልያም መርችላንድ አየር እየሳበ የሚያልብ መኪና ሠራ፤ ነገር ግን ያለ ማቋረጥ ስለሚስብ ላሞቹን ይጐዳ ነበር። እንደ ጥጃ አፍ ስቦ የሚለቅና ደግሞ የሚስብ መሣሪያ የጨመረው በ1895 አሌክሳንደር ሺልስ ነው። በ1903 ደግሞ አውስትራልያዊው ጊሊስ የጡቱን ጽዋ ሁለት ግድግዳ ያለው አድርጎ አሻሻለው። ዛሬ ያለው መኪና ሁሉ የዚህ ልጅ ነው። መሐንዲሶቹ ከብዙ ድካም በኋላ የደረሱበት የጥጃን አፍ መምሰል መሆኑ ከሲሪንቃዋ አሮጊት አነጋገር ጋር ሲተያይ ፈገግ ያሰኛል።

ሮቦቱ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። የመጀመሪያው በ1992 በኔዘርላንድ በአንድ እርሻ ላይ ተተከለ፤ ከዚያም በስዊድን፣ በዴንማርክና በሌሎች አገሮች ተስፋፋ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ላሚቱ በአንገትዋ ወይም በጆሮዋ ምልክት ታስሮላታል። በፈለገች ሰዓት ወደ ሳጥኑ ትገባለች፤ የሚጠራት በውስጡ የሚፈስሰው ጣፋጭ መኖ ነው። መኪናው ምልክትዋን አይቶ ያውቃታል፤ ከታለበች ገና ብዙ ጊዜ ካልሆነ በሩን ከፍቶ ይሸኛታል። ጊዜዋ ከሆነ ጡትዋን ያጥባል፤ በብርሃን ጨረር እያንዳንዱን ጡት ፈልጎ አራቱን ጽዋ ያጠልቃል፤ ከየትኛው ጡት ስንት እንደ ወጣና ወተቱ ጤናማ መሆኑን መዝግቦ ጽዋውን ያነሣል። አንዱ መኪና ስድሳ ያህል ላሞችን በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ለማለብ ይችላል።

እንግዲህ ይህን ውድ ዕቃ ትንሹ የኔዘርላንድ ገበሬ ለምን ገዛው? ሀብታም ስለ ነበረ አይደለም፤ ብዙዎቹ የገዙት ከባንክ ተበድረው ነው። ምክንያቱ ሰው በማጣቱ ነው። ስድሳ ላም ያለው ቤተሰብ በየቀኑ ማለዳና ማታ፣ እሑድም ሆነ በዓል፣ ለብዙ ሰዓት ከማለቢያው ቤት መውጣት አይችልም። ለቅጥረኛ የሚከፈለው ደመወዝ ከትርፉ ይበልጣል፤ ልጆቹ ደግሞ ወደ ከተማ ሄደዋል። ደመወዝ ርካሽ በሆነበት ቦታ ያሉ ትልልቅ እርሻዎች በሠራተኛ ማሳለቡን ሲመርጡ ትንሹ ገበሬ ሮቦት ያስገባው ስለዚህ ነው። ከማለዳው ግዴታ ነጻ ወጥቷል፤ ነገር ግን መኪናው በእኩለ ሌሊት ሲበላሽ በስልኩ ይቀሰቅሰዋል። ላሞቹም ተመርጠዋል። የጡትዋ አቀማመጥ ለመኪናው የማይመች ላም፣ ወተትዋ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ትሸጣለች ወይም ትታረዳለች። በሲሪንቃ ሰው ለላሚቱ ጠባይ ሲያጐነብስ እዚያ ላሚቱ ለመኪናው ጠባይ ታጐነብሳለች።

በአገራችን የወተት ሥራ በአዲስ ዘዴ የተጀመረው ከመኪናው ሳይሆን ከላሚቱ ነው። በ1939 ዓ.ም. ገደማ የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት ፍሪዝያንና ብራውን ስዊስ የተባሉ 300 ያህል ከብቶች ሰጠ። በ1952 ዓ.ም. ገደማ በዩኒሴፍ እርዳታ በአዲስ አበባ ሾላ ላይ የወተት ማዘጋጃ ተቋቋመ፤ በኋላም በከተማው ዙሪያ እስከ 70 ኪሎ ሜትር ድረስ ከገበሬው ወተት ይሰበስብ ጀመር። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተመሠረተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ የተዳቀሉ ጊደሮችን ለገበሬው አከፋፈለ። በ1963 ዓ.ም. ገደማ የወተት ልማት ድርጅት ቆመ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለሕዝብ ሲሆን በግለሰብ የነበሩት ትልልቅ የወተት እርሻዎች ወደ መንግሥት ተዛወሩ። ሰው ሠራሽ ማዳቀልም በኢጣሊያ ጊዜ በ1930 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ተጀምሮ ተቋርጦ፣ እንደ ገናም ቀጥሎ፣ በ1973 ዓ.ም. ገደማ በቃሊቲ ብሔራዊ ማእከል አገኘ። የማለቢያ መኪናም በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ አካባቢ ባሉ ጥቂት ትልልቅ እርሻዎች ገብቷል።

አንባቢው እንደሚያየው ይህ ሁሉ የሆነው በሸዋና በአርሲ፣ ቀዝቀዝ ባለውና ለገበያ በቀረበው ደጋ ነው። ሲሪንቃ ከዚህ ካርታ ውጭ ነበረች። ማእከሉ ሲቋቋም በፊቱ የቆመው ጥያቄ ወተት ሳይሆን ድርቅና አቀንጭራ ነበረ፤ ስለዚህ ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዘር ፈለገ። በዚህም ላይ አንድ ነገር ልናክል እንወዳለን። ቶሎ የሚደርሰው አዲሱ ማሽላ ቁመቱ አጭር ነው። ገበሬው ግን ረጅሙን ያገሩን ማሽላ በቀላሉ አልተወም፤ አገዳው የከብቱ መኖ፣ የምድጃው ማገዶ፣ የጐጆውም ማገር ስለ ሆነ ነው። እህሉን ብቻ የመዘነ ሰው ገበሬውን ግትር ይለዋል። የላሚቱን ሆድ ያሰበ ግን እንዲህ አይለውም። በኋላም ማእከሉ ከውጭ የመጡትን የዶርፐር በግና የቦር ፍየል ካገሩ ዘር ጋር ማዳቀሉ መሬቱ ለጠበበትና መኖ ላነሰው ገበሬ ከፍሪዝያን ላም ይልቅ የሚቀርብ ነበረ።

አሁን ጥቂት ስሌት እናድርግ። ጥሩ የአውሮፓ ላም በቀን 30 ሊትር ትሰጣለች ብንል፣ ስድሳ ላሞች የሚታለቡበት ሮቦት በቀን 1,800 ሊትር ያስተናግዳል። ይህን ያህል ወተት በሲሪንቃ ላም ለመሙላት 1,200 የሚታለቡ ላሞች ያስፈልጋሉ። እነዚህም ሁሉ ጥጃቸውን ይዘው ከሳጥኑ በር መሰለፍ አለባቸው። እንግዲህ ስለ ሮቦቱ ለሲሪንቃ የሚነገረው በዚህ ያበቃል። ስለ ትንሹ የባልዲ ማለቢያ መኪና ግን ነገሩ የተለየ ነው። የተዳቀለች ላም ከአምስት እስከ አሥር ሊትር ልትሰጥ ትችላለች፤ ከለመደችም ያለ ጥጃ ትታለባለች። አምስትና ስድስት እንደዚህ ያሉ ላሞች ያሉት ሰው መኪናውን ሊያስብ ይችላል። ለዚህ ግን ንጹሕ ውሃ፣ የማይቋረጥ መብራትና የሚጠግን ባለሙያ በአጠገቡ መኖር አለበት። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያንና ሀብሩን ሲያዳርስ መብራት ለወራት ጠፍቶ ነበር፤ የምርምሩ ማእከልም ተዘርፏል። በመኪና ብቻ መታለብ የለመደች ላም በእንዲህ ያለ ወር ጡትዋ ይታመማል። በእጅ የምትታለበው ግን ባለቤትዋ እስካለ ድረስ ትታለባለች።

በሌላ በኩል የሰው እጥረት የሚባለው ነገር ለሲሪንቃ ፈጽሞ እንግዳ ነው ብሎ የሚደመድም ሰው ካለ አንስማማም። ከብት ይጠብቅ የነበረው ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ነው። ከሰሜን ወሎ ብዙ ወጣት ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይሄዳል፤ በ2006 ዓ.ም. ከዚያ ከተባረሩት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን መካከልም የዚህ አገር ልጆች ነበሩበት። ሴቱ በሰው ቤት፣ ወንዱም አንዳንዱ በበረሃ የሌላ ሰው ግመልና ፍየል ጠባቂ ሆኖ ይሠራል። የአባቱን ላም ለማለብ እጅ የጠፋው እጁ የሰው ከብት ዘንድ ስለ ሄደ ነው። የኔዘርላንዱ ገበሬ ልጁን ያጣው ፋብሪካው ተሽሎ በመገኘቱ ሲሆን የሲሪንቃው ያጣው መሬቱ ስለ ጠበበ ነው። የእጁ እጥረት አንድ ይምሰል እንጂ መድኃኒቱ አንድ አይደለም።

በመጨረሻም ብዙ ጊዜ የሚዘለለውን ጉዳይ እናንሣ። ወተት በቅቤ ፈንታ ለማኅበር በሊትር የተሸጠ እንደ ሆነ በመዝገብ የሚገባው ስም ብዙ ጊዜ የአባወራው ነው፤ ሒሳቡም በየወሩ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ ለእርሱ ይከፈላል። ቅሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። እማወራዋ ከመናጥ ድካም ታርፋለች፤ ነገር ግን ጨውና ደብተር የምትገዛበትን ገንዘብ ከእንግዲህ መለመን ይኖርባታል። መኪና የገባበት ቤት ደግሞ ይብሳል፤ ብድሩን የሚፈርመው እርሱ፣ መኪናውን የሚማረው እርሱ፣ ወተቱንም የሚቈጥረው እርሱ ይሆናል። ስለዚህ ወደፊት በሀብሩ የወተት ማኅበር የሚያቋቁሙ ሰዎች የመዝገቡን የመጀመሪያ ዓምድ ሲያሰምሩ የማንን ስም እንደሚጽፉበት አስቀድመው ቢወስኑ መልካም ነው። ሁለቱም ስም ቢጻፍ፣ ወይም የማታው ወተት ለቤት ቀርቶ የጠዋቱ ብቻ ቢሸጥ፣ ቅሉ ሥራ አይፈታም። ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ ያገኘነው ከእኛ አይደለም፤ እነዚያው አሮጊት ስለ በሬው ከጠየቁን በኋላ፣ ማለቢያውን እያጠኑ፣ እንደ ዋዛ የተናገሩት ነው።